«እሱ» ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ደራሲ በመንገድ ቢያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሚዛን ተፈሪ ግን መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ሽንኩርት ሊገዛ ገበያ ሲወጣ እንኳ «ያ ሳህሉን ዘብጥያ ያወረደው!» ብሎ የሚጣራበት አያጣም። መምህር ዓባይነህ ይህን አጠራር ይወደው ነበር። መንገድ ላይ ያልሰማ መስሎ ያልፍና ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ ለአስካለች ሳይነግራት አያድርም።

ሳህሉ ማለት ዓባይነህ በ2000 ዓ.ም. ያሳተመው «የእሁድ ጢስ» የተባለ ልብ ወለድ ዋና ሰው ነው። የቡና መጋዘን ዘበኛ ነው። አንድ እሁድ በጠራራ ፀሐይ መጋዘኑ በእሳት ይያያዛል። ውስጥ ኬሻ ላይ ጋደም ብሎ የነበረ አንድ ጫኝና አውራጅም በሩ ተቆልፎበት ይሞታል። ሳህሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ በሩን ማን እንደቆለፈው ሲጠየቅ «እሱ ቆልፎ ሄደ» ይላል። ቁልፍ የሚይዝ ወንድ ደግሞ የመጋዘኑ ኃላፊ ብቻ ነው፤ ኃላፊው ያን ዕለት ጅማ ሰርግ ላይ ሲጨፍር አርባ ሰው አይቶታል። ስለዚህ ሳህሉ ዋሽቷል። የዋሸውም ቡናውን ሰርቆ፣ ስርቆቱን ለመሸፈን እሳቱን የለኮሰው ራሱ ስለሆነ ነው ይባላል። ሃያ ዓመት ይፈረድበታል፤ መጽሐፉም እዚያ ላይ ያልቃል።

አንባቢው የወደደው ግን የሳህሉን አማርኛ ነበር። ሳህሉ የቤንች ሰው ነው፤ አማርኛን የለመደው ጢም ካበቀለ በኋላ ቡና ሥራ ላይ ነው። ሴቱንም ወንዱንም፣ ከብቱንም ሁሉንም «እሱ» ይላል። ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የሳህሉን ንግግር ጮክ ብለው እያነበቡ የሚንከተከቱ ነበሩ። ዓባይነህ በዚህ ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር። ትንሽ ያልኩት አክብሬው ነው እንጂ አንገቱ ሁሉ ረዝሞ ነበር።

በ2001 ታኅሣሥ የከተማው የንባብ ክበብ «ሳህሉን እንደገና ችሎት እናቁመው» ብሎ ተነሣ። ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ አንድ ሰው ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ይከሳል፣ አንድ ሰው ጠበቃ ሆኖ ይሟገታል፣ ታዳሚው እጅ አውጥቶ ይፈርዳል። ደራሲው የክብር እንግዳ ነው። ዓባይነህ ሙሽራ የሚያጅብ ይመስል ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ፊት ወንበር ላይ ተሰየመ።

ዐቃቤ ሕግ የሆነው አልአዛር የሚባል የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ምላሱ የተባ፣ ሰው ማሳቅ የሚያውቅበት። «ክቡራን ዳኞች» አለ ኮቱን እየቆለፈ። «ይህ ተከሳሽ የሚያሳስረውን ሰው እንኳ በወጉ መምረጥ አልቻለም። አርባ ሰው ፊት ትከሻውን ሲሰብቅ የዋለን ሰው 'ቆልፎ ሄደ' ይለናል! መዋሸትም እኮ እውቀት ይጠይቃል።» አዳራሹ አውካካ። አልአዛር የሟቹን ጫኝና አውራጅ ነገር አንሥቶ ደግሞ ሰዉን አሳዘነው። ሲጨርስ ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣ ደረሰ።

ጠበቃ ሆና የተነሣችው ሰሎሜ ትባላለች። ከከተማው ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት፤ ተወልዳ ያደገችውም እዚያው ቤንች ገጠር ነው። ዓባይነህ አያውቃትም ነበር። መጽሐፉ በወረቀት ቁርጥራጭ ተሰካክቶ እጇ ላይ አብጧል።

«እኔ ንግግር አልችልም» አለች። «ገጽ ብቻ ነው የምጠራላችሁ። ገጽ ሃያ ሁለት፤ የሳህሉ ሚስት ታማለች። ምን ይላል? 'በየነች ታሞ ተኛ' ይላል።»

ሳቅ ሆነ።

«ገጽ አርባ፤ ላሙ ወልዳለች። 'ላሜ ወለደ፣ ወተት ሰጠ' ይላል። ገጽ ሰባ አንድ፤ የቡናው ባለቤት ሚስት መጥታ ሠራተኛውን ሁሉ ሰድባ ሄዳለች። 'እትዬ መጣ፣ ተቆጣ፣ ሄደ' ይላል።»

ሳቁ ባሰ። ዓባይነህም ሳቀ፤ ይህችኛዋን በተለይ ይወዳታል። ሰሎሜ ግን አልሳቀችም። እስኪበርድላቸው ጠበቀች።

«ቆጥሬያለሁ» አለች። «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሳህሉ ሰላሳ አራት ጊዜ ስለ ሴት ይናገራል። ሰላሳ አራቱንም ጊዜ 'እሱ' ነው የሚለው። አንድ ቀን እንኳ 'እሷ' ብሎ አያውቅም። ታዲያ ፍርድ ቤት የቆመ ዕለት በምን ተአምር አማርኛው ተስተካከለለት? ያን ቀን ብቻ 'እሱ' ማለት ወንድ የሆነው እንዴት ነው?»

መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው ገለጠች።

«ገጽ ዘጠኝ ላይ የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ሰው ዘንድ ነው ተብሏል። አንዱ ኃላፊው ዘንድ፣ አንዱ የቡናውን ሚዛን የምትይዘው ሴት ዘንድ። ሴትየዋን የጠራት የለም፣ የጠየቃት የለም። ሳህሉ እኮ አልዋሸም! 'እሷ ቆልፋ ሄደች' ነው ያለው። ያልሰማነው እኛ ነን። የኔ አባት እስከ ዛሬ 'ሰሎሜ መጣ' ነው የሚለው፤ ወንድ ልጅ ወለደ ብሎ የጠረጠረው ጎረቤት ግን የለም።»

አሁን የተሳቀው ሳቅ ለስለስ ያለ ነበር። አልአዛር እጁን አነሣ። «ይህ ሁሉ መላ ምት ነው! ፈጣሪው ራሱ እዚህ ተቀምጦ የለም እንዴ? መምህር፣ ይንገሩን እንጂ። በሩን የቆለፈው ማን ነው?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ዓባይነህ ዞረ። ዓባይነህ ከወንበሩ አልተነሣም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«አላውቅም» አለ።

ሰዉ የደራሲ ፈሊጥ መስሎት አጨበጨበለት። እጅ ተቆጠረ፤ ሳህሉ ነፃ ወጣ። ዓባይነህም የክብር አበባውን ታቅፎ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ላይ ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓባይነህ ሳህሉን ከራሱ አልፈጠረውም። አስተማሪ ከመሆኑ በፊት ከዚህ ራቅ ባለ አንድ ከተማ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ፍቅሩ የሚባል የመጋዘን ዘበኛ መጋዘን አቃጥሎ፣ በሩ የተቆለፈበትን ወጣት ጫኝ ገድሏል ተብሎ ተከሶ ቀረበ። ዳኛው «አማርኛ ታውቃለህ?» ሲሉት ፍቅሩ ደረቱን ነፋ አድርጎ «አውቃለሁ!» አለ፤ በአማርኛው ይኮራ ነበርና። በዚህች ኩራቱ የተነሣ አስተርጓሚ ሳይመጣለት ቀረ። ከዚያ ዳኛው ይጠይቃሉ፣ ፍቅሩ ይመልሳል፣ ዓባይነህ ይጽፋል።

ዓባይነህ ደግሞ መዝገብ ሲጽፍ የታወቀ ነበር። ጽሕፈቱ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ነው፤ አማርኛው እንከን አይወጣለትም። ችሎት ላይ የሰማውን በረቂቅ ደብተር ይለቅማል፣ ኋላ በንጹሕ ይገለብጠዋል። ሲገለብጥ ያንን የተሰባበረ አማርኛ ያቃናዋል፤ «እሱ» እና «ያ» የሚሉትን ሁሉ አውጥቶ የሰውዬውን ስም ከነማዕረጉ ያስገባል። «መዝገብ ላይ 'እሱ' የሚባል ሰው የለም» ይል ነበር ለአዳዲስ ጸሐፊዎች። ዳኞቹ በዚህ ያመሰግኑት ነበር። ፍቅሩ «እሱ ቆልፎ ሄደ» ሲል፣ ዓባይነህ በንጹሑ ላይ «የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ በላይነህ በሩን ቆልፈው ሄዱ» ብሎ ጻፈ። ማንንም አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? ግልጽ ነው ብሎ ነዋ።

ሕጉ «የተጻፈው ቃል ለተናጋሪው ይነበብለት» ይላል። ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ከጎን ያለ ሰው እንኳ አይሰማም፣ ሰዓቱም ሄዷል። ዓባይነህ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከግርጌ «ተነብቦለት ትክክል ነው ብሎ ፈርሟል» ብሎ ጻፈበትና የፍቅሩን አውራ ጣት ቀለም ነክሮ አስረገጠው። ከወር በኋላ ዳኛው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። የተተኩት ዳኛ ፍቅሩን ሲናገር አልሰሙትም፤ መዝገቡን ብቻ አነበቡ። መዝገቡ ደግሞ ያን ዕለት ጅማ ሰርግ ላይ የዋሉት አቶ በላይነህ በሩን ቆለፉ ይላል። ሃያ ዓመት ፈረዱ።

ይህን ሁሉ ዓመት ዓባይነህ ፍቅሩ ወንጀለኛ መሆኑን ተጠራጥሮ አያውቅም ነበር። መጽሐፍ ልጻፍ ሲል ያ ጉዳይ ትዝ አለው፤ የዚያ ዘበኛ አነጋገርም እንዴት ያስቅ እንደነበር። ለዛው እንዳይጠፋ ብሎ በመጽሐፉ ውስጥ ንግግሩን ሳያቃና እንዳለ አስቀመጠው። መዝገብ ላይ ያጠፋውን እውነት ለጨዋታ ብሎ ልብ ወለድ ውስጥ አተመው ማለት ነው። ይህን ያነበበችለትም ሰሎሜ ናት።

አዳራሹ ሲበተን ሰሎሜ በረንዳው ላይ ዝናብ ታሳልፍ ነበር። ዓባይነህ ጠጋ አላት።

«ጎበዝ ነሽ፤ ሰዉን ሁሉ ረታሽ» አላት። ድምፁ ለራሱም አልጣመውም።

«ምን ጉብዝና አለው መምህር፤ ሥራዬ ነው» አለች። «አንዷ እናት 'ሆዱን አመመው' ብላ ስትመጣ ካርድ ላይ ከመጻፌ በፊት 'ማንን ነው?' እላለሁ። እሷን ይሁን፣ ልጇን ይሁን፣ ባሏን ይሁን በምን አውቃለሁ? ዝም ብዬ ብጽፍ መድኃኒቱን ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው። መጽሐፍዎን ሳነብ የከነከነኝ ይኼ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ 'ማን?' ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው መጥፋቱ!» ከዚያ ደንገጥ አለች። «አስቀየምኩዎት እንዴ?»

«የለም፣ የለም» አለ ዓባይነህ። ዝናቡ ሳያባራ ወጣና በእግሩ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ እሁድ አስካለች ቅዳሴ ስትሄድ እሱ ቀረ። ከአልጋው ሥር ካርቶኖቹን ጎትቶ አወጣና ረቂቅ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ልብ ወለዱን ሲጽፍ ያገላበጠው ደብተር ስለሆነ ለማግኘት አላስቸገረውም። ቀኑ አለ። የመዝገቡ ቁጥር አለ። በገዛ እጅ ጽሑፉ፣ በችኮላ፦ «እሱ ቆልፎ ሄደ። እኔ 'ሰው አለ' አለ። እሱ አልሰማ።» ዓባይነህ ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ደጋግሞ አነበበ። ፍቅሩ መጋዘኑ ውስጥ ሰው እንዳለ ለቆላፊዋ ተናግሮ ነበር ማለት ነው። በንጹሑ መዝገብ ላይ ይህች ምን ሆና እንደተገለበጠች ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ምናልባትም ትርጉም የላትም ብሎ ዘሏት ይሆናል። ደብተሩን እንደያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

አስካለች ነጠላዋን እንደለበሰች እዚያው አገኘችው። ሁሉንም ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ «ሰውየው አለ?» አለች።

«አላውቅም። ካለ፣ ከታሰረ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ብትናገር አንተን ምን ያደርጉሃል?»

«ያልተነበበውን 'ተነብቦለት' ብያለሁ። የመንግሥት መዝገብ ነው። ሊከሱኝ ይችላሉ። ሥራዬም...»

«ሁለት ልጅ ትምህርት ቤት አለን፣ ዓባይነህ።» ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ደብተሩን ያየ ሰው አለ?»

«የለም።»

ሁለቱም ደብተሩን አዩት። አስካለች መጥፎ ሴት አይደለችም፤ ፈርታ ነው። ነጠላዋን አወለቀችና «እኔ አላየሁም፤ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ዓባይነህ ከእሷ «አቃጥለው» ወይም «ሂድ» የሚል ነገር ጠብቆ ነበር። ሁለቱንም ስላላለችው ተናደደባት፣ ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ።

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለው። ክፍል ውስጥ ስለ ተውላጠ ስም ሲያስተምር ምላሱ ተሳሰረበትና ተማሪዎቹን ቀድሞ ለቀቃቸው። በአራተኛው ቀን ቃሉን በሁለት ገጽ ጽፎ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ መጽሐፉንም ጨምሮ በሚኒባስ ሄደ። አጠያይቆ ፍቅሩ ያለበትን ማረሚያ ቤት ደርሶበት ነበር።

ፍቅሩ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ መጥቶ ቆመ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ግን የዱሮው ነው። ዓባይነህን ትኩር ብሎ አየው።

«አወቅሁዎት» አለ። «ጸሐፊው ነዎት። አውራ ጣቴን የያዙት።»

ዓባይነህ ደነገጠ። ያስደነገጠው መታወቁ ብቻ አልነበረም፤ አማርኛው ነው። ይህ ሰው «እርስዎ» ብሎት አያውቅም።

«አማርኛህ...»

«እዚህ ነው የተማርኩት። የእስረኞች ትምህርት ቤት አለ፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። አሁን እሱና እሷ አይምታቱብኝም።» ፈገግ አለ፤ ደስታ ያለበት ፈገግታ አልነበረም። «ይግባኝ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። 'እሷ ናት የቆለፈችው፣ ሚዛን የምትይዘው ወሰንየለሽ' ብዬ በደንብ ጻፍኩ። መዝገብህ አቶ በላይነህ ይላል፣ አሁን ቃልህን ለወጥክ አሉኝ። እኔ አቶ በላይነህ አላልኩም ስል 'ይኼው ተነብቦልህ ፈርመሃል' አሉኝ። 'ያኔ እሷን እሱ ነበር የምላት' ስላቸው ሳቁብኝ። እንዲህ አማርኛ የምትናገር ሰው እንዴት እሷን እሱ ትላለህ አሉ።»

ዓባይነህ አጥሩን ያዘ። የሰውየው የተሰባበረ አማርኛ ራሱ ማስረጃ ነበር፤ እሱም ከተቃና ቆይቷል። አሁን በምድር ላይ የቀረው ይህ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ብቻ ነው።

«አቶ በላይነህ የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሳልጠይቅህ። አላነበብኩልህም፤ አነበብኩ ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩ ይኼው፤ ያልከው እንዳለ አለበት። ለዐቃቤ ሕግ የምሰጠውንም ቃል ጽፌ መጥቻለሁ። ከመስጠቴ በፊት መጀመሪያ አንተ ስማው ብዬ ነው።»

«ያንብቡት» አለ ፍቅሩ።

ዓባይነህ ሁለቱን ገጽ አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ፍቅሩ አስቆመው። «'ሰው አለ' ያልኳት ሁለት ጊዜ ነው፤ እርስዎ አንድ ነው የጻፉት። በሩ ላይ አንድ ጊዜ፣ መንገድ ላይ ተከትያት አንድ ጊዜ። 'ውሸትህን ነው፣ ልትሰርቅ ነው' ብላ አልከፍትም አለች። እሳቱ ሲነሣ ልጁ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ እሰማው ነበር። በሩን በትከሻዬ መታሁት፣ እምቢ አለ።» ፊቱን አዞረ። ዓባይነህ በእስኪርብቶ አስተካከለው። ያ የታወቀ ጽሕፈቱ የልጅ ጽሕፈት መሰለ።

ፍቅሩ ፊቱን ሲመልስ በፌስታሉ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ አየ።

«ይኼስ?»

«መጽሐፍ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስምህን ቀይሬዋለሁ እንጂ... ስላንተ ነው።»

የማረሚያ ቤቱ ጠባቂ መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ፈተሸውና ለፍቅሩ አሳለፈለት። ፍቅሩ መጀመሪያውን አልገለጠም። ወደ መጨረሻው ሄደና የመጨረሻውን ገጽ ቆሞ አነበበ፤ ከንፈሩ ፊደሉን ይከተል ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢሆን ዓባይነህ ይሻለው ነበር።

«ልብ ወለድ ማለት ሰው እንደፈለገ የሚጽፈው ነው አይደል? ስድስተኛ ክፍል ላይ ተምረናል።»

«አዎ።»

«ዳኛ አልነበረበትም። ያዘዘህ ሰው የለም።»

«የለም።»

«እንደፈለግህ ማድረግ ትችል ነበር።»

«እችል ነበር።»

«እዚያም ፈረድክብኝ?» አለ ፍቅሩ።

ፊሽካ ተነፋ፤ የጥየቃ ሰዓት አለቀ። ፍቅሩ መጽሐፉን በአጥሩ ቀዳዳ መልሶ ሰጠውና ከሌሎቹ ጋር ሰልፍ ገባ። ዓባይነህ ውጪ ወጣ። ወደ ሚዛን የሚመለስ ሚኒባስ በሩን ከፍቶ «ሚዛን! ሚዛን!» ይጣራል፤ አንድ ሰው ነው የጎደለው። ረዳቱ ክንዱን ሲይዘው አስለቀቀና የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀው። ሲደርስ የምሳ ሰዓት ሆኖ ተዘግቶ አገኘው። ፌስታሉን ደረቱ ላይ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።